ሠላሳ ስምንት ገጽ ዝምታ

ላይታች የሚለውን ስም ያወጣላት የአራተኛ ፎቁ ጥርስ ሐኪም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሊፍት ውስጥ ቆማ ላይ ስትል ታች ስትል የኖረች፣ የትም ሳትደርስ ከሁላችንም በላይ የተጓዘች ሴት ናት ብሎ። መጀመሪያ ተቀየመችው። ቀጥሎ ለመደችው። በመጨረሻ በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ሰው ሲመጣ «እሷ ደግሞ ማናት?» እስከማለት ደረሰች። አሁን በዚህ ስም የማይጠራት ታላቅ ወንድሟ ብቻ ነው፤ እሱ «አንቺ ልጅ» ይላታል። ልጅቷ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው።

ስለ ንዴቷ አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ላይታች የምትናደደው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮኻል፣ ይወጣለታል፣ ይረሳል። እሷ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል፤ አንገቷ ላይ ያለችው ሥር ትነሳለች፤ ከዚያ የሊፍቱን የብረት በር በጣም በቀስታ፣ በጣም በትሕትና ትዘጋዋለች። በሩ ድምፅ ሳያሰማ ከተዘጋ፣ የሚያውቃት ሰው ወርዶ በደረጃ ይሄዳል።

ሊፍቱ የድሮ ነው። ቁልፍ ተጭነው የሚሄዱበት ዓይነት አይደለም። ተጣጣፊ የብረት በር፣ የነሐስ እጀታ፣ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ፣ ማንንም የማያስውብ የደበዘዘ መስታወት፤ ንብረቱ ይኸው ነው። እጀታው ወደ ቀኝ ሲገፋ ይወጣል፣ ወደ ግራ ሲሳብ ይወርዳል፣ መሐል ላይ ሲለቀቅ ይቆማል። የት ላይ እንደሚቆም ግን የሚወስነው እጅ ነው። ያልለመደ እጅ አንድ ስንዝር ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ያቆመዋል። የላይታች እጅ የሊፍቱንና የፎቁን ወለል እንደ አንድ ጠረጴዛ ያገጣጥማቸዋል። ይህን የምታደርገው ዓይኗን ጨፍና ነው ይባላል። ውሸት ነው። ዓይኗን የምትጨፍነው ጠበቆች ሲገቡ ብቻ ነው፤ የተኛች መስሏቸው እንዲያወሩ።

ፎቆቹንም ራሷ ትጣራለች። ማንም አላዘዛትም፤ ከወጣትነቷ ጀምሮ የራሷ ፈጠራ ነው።

«አራተኛ! ጥርስ። የምታለቅሱ ውረዱ።»

«አምስተኛ! ጠበቆች። የምታስለቅሱ ውረዱ።»

«ስምንተኛ! ፊዚዮቴራፒ። ቀስ በሉ፣ ማንም አያባርራችሁም።»

«ዘጠነኛ! ኢንሹራንስ። ከዚህ በላይ የሚሄድ ካለ ጸሎቱን ያድርስ።»

ስምንተኛ ፎቅ ሲደርስ ድምፅዋ የሚለሰልሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ታላቅ ወንድሟ እዚያ ነው የሚታከመው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዳ አንድም ሰው አልገጨም፤ ያልሰደበው ሰው ግን የለም። ከአምስት ወር በፊት አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ከዳው። ከዚያ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሚስቱ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች እስከ ሊፍቱ ታመጣዋለች፤ ከሊፍቱ በር ጀምሮ የእህቱ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ፍሬን ቀስ! የጫንሽው ተሳፋሪ ነው፣ ድንች አይደለም።»

«ጋሼ፣ ሹፌር ማናገር ክልክል ነው።»

«እኔ ሹፌር ሳለሁ ሁሉም ያናግረኝ ነበር።»

«ለዚህ ነዋ ሁሉንም የሰደብከው።»

እንዲህ እየተነቋቆሩ ስምንተኛ ይደርሳሉ። እዚያ ሁለት ትይዩ የብረት ዘንጎች ወለሉ ላይ በብሎን ታስረዋል። ጋሼ በመሐላቸው ይቆማል፣ ዘንጎቹን ይይዛል፣ ይራገማል፣ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ሐኪሟ ቀጭን፣ ፀጥ ያለች ሴት ናት፤ እርግማኑን እንደ ሬዲዮ ትሰማዋለች። አንድ ቀን ላይታችን ለብቻዋ ጠርታ እቅጩን ነግራታለች። «እግሩ እየተመለሰለት ነው። አሁን ነው ጊዜው። አሁን ሁለት ወር ቢያቋርጥ ያገኘውን ሁሉ ያጣዋል፣ ጅማቱም ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ወንበሩ የዕድሜ ልክ ነው።» ላይታች ይህን ቃል በሆዷ ይዛ ነው ላይ ታች የምትለው።

እንግዲህ በወሩ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅና አንድ አዲስ ሰው ሊፍቱ ውስጥ ገቡ። አዲሱ ሰው የጠበበ ሱፍ የለበሰ፣ ሁሉን ነገር በሰንጠረዥ የሚያስብ አማካሪ ነው። አሮጌው ሊፍት ወጥቶ አዲስ ሊገባ ነው፤ የእሱ ሥራ ደግሞ ይህ ለሕንፃው ሰው እንዴት እንደሚነገር ማቀድ ነበር። ላይታች በዚያኑ ቀን ሰንጠረዥ የሚል ስም አወጣችለት፤ እስከ ማታ ሕንፃው በሙሉ በዚሁ ይጠራው ጀመር።

ሊፍት ውስጥ የቆመ ሠራተኛ ጆሮ እንዳለው የሚያስታውስ ሰው የለም። እጀታውና ሠራተኛዋ አንድ ላይ የተገዙ ይመስላቸዋል።

«ዋናው ኮሙኒኬሽን ነው» አለ ሰንጠረዥ። «ባለድርሻ አካላት ትክክለኛውን መልእክት፣ በትክክለኛው መንገድ፣ በትክክለኛው ጊዜ ማግኘት አለባቸው።»

«እሱን ነው እኔም የምፈልገው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «መቼ ይነገራቸዋል?»

«ዕቅዱ እንደጸደቀ።»

«መቼ ይጸድቃል?»

«ቦርዱ ሲሰበሰብ። በሃያ ስድስት፣ ሐሙስ።»

«ሊፍቱ የሚቆመውስ?»

«በሃያ ሦስት፣ ሰኞ። ለአሥር ሳምንት። እሱ ግን የግዥ ክፍል ጉዳይ ነው፤ በእኔ ዕቅድ ውስጥ አይገባም።»

ሥራ አስኪያጁ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። ላይታች እጀታውን እንደያዘች ዞር አለች።

«ይቅርታ ልጆቼ፣ ሃያ ሦስት ከሃያ ስድስት በፊት ነው የሚመጣው።»

«ሦስተኛ ላይ ያቁሙልን እትዬ» አለ ሰንጠረዥ፣ ፈገግ ብሎ።

አቆመችላቸው። ወረዱ። በቃ! ሁለቱ ቀኖች በአንድ ጆሮ ውስጥ የተገናኙት የእሷ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነበር። አንዱ በግዥ ፋይል ተቀምጧል፣ ሌላው በኮሙኒኬሽን ፋይል ተቀምጧል፤ ፋይሎቹ ደግሞ ከተለያዩ ሳጥኖች ወጥተው ሰላም አይባባሉም። ሊፍቱ ቆሞ፣ ሰው መሬት ላይ ሦስት ቀን ካንጋጠጠ በኋላ «ሊፍቱ ሊቆም ነው» የሚል ያማረ ማስታወቂያ ይደርሰዋል ማለት ነው።

በማግስቱ ሰንጠረዥ እርዳታዋን ፈለገ። ምድር ቤት ያለውን የቀድሞ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ቢሮው አድርጎት ነበርና፣ ግድግዳው ላይ የሚለጥፈውን ትልቅ ወረቀት በአንድ በኩል እንድትይዝለት ጠራት። ወረቀቱ አራት ቦታ ተከፍሏል። ላይ በቀኝ በኩል፣ ከፍተኛ ተጽዕኖና ከፍተኛ ፍላጎት ያላቸው፤ ቦርዱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ባንኩ። ታች በግራ ጥግ፣ ዝቅተኛ ተጽዕኖና ዝቅተኛ ፍላጎት ያላቸው፤ «በጥቂቱ መከታተል» ይላል ሥሩ።

«እዚህ ጥግ ላይ ያለችው ሴትዮ እኔ ነኝ?»

«አዎ እትዬ። መጥፎ ነገር አይደለም፣ የአሠራር ዘዴ ነው።»

«ፍላጎቷ ዝቅተኛ መሆኑን ጠይቀሃታል?»

«ግምት ነው።»

«ሃያ ስድስት ዓመት የቆመችበት ሊፍት ተነቅሎ ሲወጣ ፍላጎቷ ዝቅተኛ ነው ብለህ ገመትክ።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እሺ፣ የእኔን ተወው። አዲሱ ሊፍት ሰው እንደማያስፈልገው አውቃለሁ፣ የጡረታ ወረቀቴንም ጀምሬያለሁ። ስምንተኛ ፎቅ የሚወጡት በሽተኞች የት አሉ?»

ሰንጠረዥ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አንሸራተተ። «የስምንተኛ ፎቅ ተከራይ፣ ይኸው። ተገልጋዮቿን እሷ ትነግራቸዋለች።»

«እሷንስ ማን ነገራት?»

«ዕቅዱ ሲጸድቅ እኛ እንነግራታለን።»

«እኔ ዛሬ ልንገራት?»

ሰንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጠ። «በፍጹም! እትዬ፣ ያልጸደቀ መረጃ ውዥንብር ይፈጥራል። ዕቅዱ እስኪጸድቅ ምስጢር ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው እንዲያውቅ የተጻፈ ዕቅድ፣ ሰው እንዳያውቀው ተቆልፎበታል። ሠላሳ ስምንት ገጽ ነው! የመልእክት ዓላማ፣ የመልእክት ቀለም፣ የባነር ስፋት፣ የቅሬታ አቀባበል ሥርዓት፣ የመልካም ገጽታ ግንባታ። በሠላሳ ስምንቱም ገጽ ውስጥ «ሊፍቱ ሰኞ ይቆማል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የለችም። ያቺን ለመናገር ነው እኮ ሁሉም የተጻፈው! ይህን ያህል ወረቀት ጨርሶ ዋናውን ነገር መርሳት ቀላል ችሎታ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ለሠራተኞች ሁሉ ደብዳቤ በተነ። ያልጸደቀ መረጃ ያወጣ በዲሲፕሊን ይቀጣል ይላል። ላይታች ፈርማ ተቀበለች። ፈርማ ተቀብላም አልተቀመጠችም። መጀመሪያ ነገሩን በወግ በማዕረጉ ልትይዘው ሞከረች፤ ይህን የምለው በኋላ «ችኩል ናት» ያሏት ሰዎች ስላሉ ነው።

ሐኪሟን እንዲያው በጨዋታ መሐል ጠየቀቻት። «አንድ ቀን ወደ ምድር ቤት ውረዱ ቢሏችሁ፣ ዕቃችሁን ለማንሳት ስንት ቀን ይፈጅባችኋል?»

«አያድርስ!» አለች ሐኪሟ። «ዘንጎቹን ከወለል ነቅሎ፣ ሌላ ቦታ ወለል በስቶ ተክሎ፣ አልጋዎቹን አውርዶ... ሁለት ሳምንት። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ሁለት ሳምንት። ከሃያ ሦስት ላይ አሥራ አራት ሲቀነስ ዘጠኝ ነው። እስከ ዘጠኝ ካልተነገረ በቃ።

ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። ሰውዬው ከጠረጴዛው አልተነሳም፣ ቀና ብሎም አላያትም።

«ታች ያለው ክፍል ለስምንተኛ ፎቅ ይሰጥልኝ። ለአሥር ሳምንት ብቻ።»

«እሱ የባለድርሻ አካላት የመረጃ ማዕከል ነው።»

«ምን ይሠራበታል?»

«ስለ ሊፍቱ መቆም መረጃ የሚፈልግ ሰው መጥቶ ይጠይቅበታል።»

«መቆሙን ሳያውቅ ምን ብሎ ይጠይቃል?»

«በጽሑፍ አቅርቢ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

በጽሑፍ አቀረበች። መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ ማመልከቻዋን ሁለቴ አነበበና መለሰላት። ፕሮጀክቱ ገና ይፋ ስላልሆነ ፋይል አልተከፈተለትም፤ ፋይል ለሌለው ጉዳይ ደግሞ ቁጥር አይሰጥም፤ ቁጥር የሌለው ወረቀት አልገባም ማለት ነው።

«ይኸው በእጅህ ይዘኸዋል እኮ!»

«ይዤዋለሁ እትዬ ላይታች፤ ግን አልገባም።»

ዓርብ አለፈ። ቅዳሜና እሑድ ላይታች ቤቷ ውስጥ ድስት ስታነሳ ድስት፣ ወንበር ስትጎትት ወንበር ስትሳደብ ከረመች። ጎረቤቶቿ ከማን ጋር እንደተጣላች ለማወቅ በሩ ላይ ቢያዳምጡም የሰሙት አንድ ቃል ነው፤ «አልገባም!»

ሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠኝ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሚስቱ ጋሼን ይዛ መጣች። ፂሙን ተላጭቷል። ነጭ ሸሚዝ አድርጓል። ላይታች ተጠራጠረች።

«ዛሬ ሠርግ ነው እንዴ ጋሼ?»

«ዛሬ አንድ እጄን ልታስለቅቀኝ ነው ሐኪሟ። በአንድ እጅ ይዤ አራት እርምጃ።» ከዚያ እንደማፈር አለና መስታወቱን እያየ ጨመረ፤ «በዚህ አያያዝ በሁለት ወር ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ቤት በእግሬ እሄዳለሁ ብያታለሁ። አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው? አትነጂም?»

ሊፍቱ ውስጥ ሌሎች ስድስት ሰዎች ነበሩ። ላይታች የብረቱን በር በጣም በቀስታ፣ በጣም በትሕትና ዘጋችው። ከስድስቱ ሁለቱ ተያዩ። ለመውረድ ግን ጊዜው አልፏል።

«አራተኛ!» አለች፣ እንደ ወትሮው፤ ድምፅዋ ግን ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከአንጀቷ ነበር የሚወጣው። «ጥርስ። በሃያ ሦስት ሰኞ ይህ ሊፍት ይቆማል። ለአሥር ሳምንት። የነቀላችሁትን ሰው በደረጃ ነው የምታወርዱት። ውረዱ!»

የጥርስ ሐኪሙ ረዳት አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ ቀረች። «ምን አልሽ እትዬ?»

«የሰማሽውን። ለአለቃሽ ንገሪው። አምስተኛ! ጠበቆች። በሃያ ሦስት ሰኞ ይህ ሊፍት ይቆማል። አልተነገረንም እንዳትሉ፣ እኔ ነግሬያችኋለሁ፤ ቀኑንም ሰዓቱንም ጻፉት። ውረዱ!»

ስምንተኛ ደርሳ ወለል ከወለል አገጣጠመች። ሐኪሟ በር ላይ ቆማለች።

«ስምንተኛ። ፊዚዮቴራፒ» አለች ላይታች። «ሐኪም፣ በሃያ ሦስት ይቆማል። አሥር ሳምንት። ሁለት ሳምንት አለሽ፤ አንድ ቀን እንኳ ትርፍ የለሽም። ታች ባዶ ክፍል አለ፤ ለወሬ ነው የያዙት።»

ጋሼ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰማ።

እስከ እኩለ ቀን ላይታች አርባ ጊዜ ወጣች፣ አርባ ጊዜ ወረደች። ለእያንዳንዱ ፎቅ የሚያስፈልገውን፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ነገረችው። ውኃ የሚያመላልሰውን ሰውዬ ነገረችው። የኢንሹራንሱን አለቃ ነገረችው። ወረቀት የለም፣ ባነር የለም። ሕንፃው እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ሆነ።

አሥር ሰዓት ላይ ምድር ቤት አዳራሹ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ሰንጠረዥ ከጎኑ ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን ገጽ ደረቱ ላይ አቅፎ።

«ይህ መረጃ ገና ይፋ አልሆነም!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ውሸት ነው እንዴ?» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«ውሸት ነው አላልኩም! ይፋ አልሆነም ነው ያልኩት!»

«እውነት ከሆነ መቼ ልትነግሩን ነበር?»

ሰንጠረዥ ገጾቹን አገላበጠ። «በሃያ ስድስት» አለ፤ ይህን ሲል ድምፁ መሐል ላይ ሰለለ። ሁለቱን ቀኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ያያቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል። አዳራሹ የሳቀውን ሳቅ ለጠላቴም አልመኝለትም።

ሐኪሟ ተነሳች። ጮኻ አታውቅም፤ ዛሬም አልጮኸችም። «ታች ያለውን ክፍል ስጡኝ። አሥራ ዘጠኝ በሽተኞች አሉኝ፤ ደረጃ የሚወጣ እግር ቢኖራቸው እኔ ዘንድ አይመጡም ነበር።»

«ክፍሉ የመረጃ ማዕከል ነው» አለ ሰንጠረዥ። «በዕቅዱ ተይዟል።»

ይህን ጊዜ ላይታች ቱግ አለች። ድምፅዋ ሳይቀንስ የተናደደችው በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ያንተ ዕቅድ የወንድሜን እግር በላ! ገባህ? ክፍሉን ይዛችሁ የምትነግሩት ሰው ደረጃው ሥር ተቀምጦ ሊያለቅስ ነው፤ ከዚያ መጥቶ ‹ለምን አለቀስኩ?› ብሎ እንዲጠይቃችሁ ማዕከል ከፍታችሁ ትጠብቁታላችሁ! እናንተ ሰው አይደለም የምትፈልጉት፣ ጠያቂ ነው!»

«አንቺ ከነገ ጀምሮ ታግደሻል!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከነገ ጀምሮ እጀታውን ማን ሊይዝልህ ነው? ሰንጠረዥ?»

ከኋላ አንዲት አሮጊት ጠበቃ፣ የአምስተኛ ፎቅ ባለቢሮ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አወረዱ። እጃቸው ላይ የኪራይ ውላቸው ነበር። «አንድ ነገር ላንብብ» አሉ፣ የተኮፈሰውን ሥራ አስኪያጅ እንደ ልጃቸው እያዩ። «ሊፍት ከመቋረጡ አሥራ አራት ቀን አስቀድሞ ተከራይ እንዲያውቅ ካልተደረገ ማቋረጥ አይቻልም ይላል። ዛሬ ዘጠኝ ነው። ቢሮ የሚዘጋው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ይህች ሴት ዛሬ ጠዋት ባትነግረን ኖሮ በሃያ ሦስት አንዲት ብሎን አትፈቱም ነበር።»

ጠበቃዋ ውላቸውን አጣጠፉ።

«እኛ በዘጠኝ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሕንፃው ሠራተኛ በኩል ተነግሮናል ብለን ሁላችንም እንፈርማለን» አሉ ጠበቃዋ። «ታች ያለው ክፍል ለስምንተኛ ፎቅ ከተሰጠ። ካልተሰጠ አልሰማንም።»

ሥራ አስኪያጁ ሰንጠረዥን አየ። ሰንጠረዥ ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ምንም አላለም። ክፍሉ ተሰጠ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ላይታች ዛሬ በደህና ትተኛ ነበር። እገዳው ተነስቶላት እስከ ሃያ ሁለት ሠራች። በሃያ ሦስት ሊፍቱ ቆመ። በሃያ ስድስት ቦርዱ ተሰብስቦ ሠላሳ ስምንቱን ገጽ አጸደቀ፣ አጨበጨበም። በቀጣዩ ሳምንት ሁለት ወረቀት ወጣ። አንዱ በእጇ የተሰጣት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ «በወሩ በዘጠነኛው ቀን ያልተፈቀደ መረጃ በማሠራጨትሽ» ይላል። ሁለተኛው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ ሪፖርት ነው፤ «በጸደቀው ዕቅድ መሠረት ለባለድርሻ አካላት ከአሥራ አራት ቀን በፊት መረጃ ተሰጥቷል» ይላል። የሠራችው አንድ ነገር ነው። በአንዱ ወረቀት ጥፋት፣ በሌላው ወረቀት የእነሱ ውጤት። ሪፖርቱን ከሰሌዳው ነቅላ፣ ከማስጠንቀቂያዋ ጋር አጣምራ፣ የጡረታ ወረቀቷ እስኪያልቅ በተመደበችበት ምድር ቤት ክፍል ውስጥ ላገኘችው ሁሉ ታሳያለች። የማያነብ ሰው ከመጣ ታነብለታለች። እርሺው ያላት ሁሉ ከእሷ ጋር ተቆራርጧል።

አንድ ረቡዕ እንደዚሁ ለወንድሟ ሦስተኛ ጊዜ እያነበበችለት ነበር። ጋሼ አሁን ምድር ቤት በተተከሉት ዘንጎች መሐል ቆሟል። ቀኝ እጁ ዘንጉ ላይ እንዲያው ለይስሙላ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ሁሉ ያለው በግራው ነው። ሐኪሟ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ናት። ሰንጠረዥ የተዘጋጀ ቅጽ በሰሌዳ ላይ ይዞ ገባ።

«የባለድርሻ አካላት የእርካታ መጠይቅ ነው ጋሼ። አንድ ደቂቃ ብቻ። ስለ ሊፍቱ መረጃ የደረሰዎ በምን መንገድ ነው? በደብዳቤ፣ በኢሜይል፣ በባነር፣ ወይስ በስብሰባ?»

«በእህቴ።»

«እሱ ምርጫው ውስጥ የለም።»

«ጨምረዋ።»

«ቅጹ ጸድቋል ጋሼ፣ መጨመር አይቻልም።» ሰንጠረዥ ሰውን ለመርዳት እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ አለ። «በስብሰባ የሚለው ላይ ላድርግልዎ?»

የጋሼ አንገት ላይ ሥር ተነሳ። ሥሩ የቤተሰብ ነው መሰለኝ።

«አምጣ እዚህ!» አለና ግራ እጁን ከዘንጉ አንስቶ እስክሪብቶውን ከሰንጠረዥ ጣቶች መሐል መነጨቀው። «ቀጥ አድርገህ ያዘው ሰሌዳውን! ቀጥ! ተንቀሳቅሰህ ዋ!»

ሐኪሟ ከበርጩማዋ ግማሽ ተነሳች። ከዚያ መዳፏን ወደ ላይታች ዘርግታ ባለችበት ቀረች፤ ማንም እንዳይናገር። ጋሼ በማይጽፍበት እጁ፣ ከአራቱ ምርጫ በታች በነጩ ቦታ ላይ፣ እየተሳደበ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ምላሱን አውጥቶ ይጽፋል። እ። ቀጥሎ ህ፤ ጠመመበት፣ ሰርዞ እንደገና ጻፈው። ቀጥሎ ቴ። ሰንጠረዥ ሰሌዳውን ይዞ ላብ አጠመቀው። ላይታች ሁለቱን ወረቀቶች ጨብጣ፣ በቁጣ የጀመረችውን ትንፋሽ ሳታወጣው ቆማለች።

ነጥቡን አድርጎ ቀና ሲል ሁሉም እግሩን እያዩ መሆናቸውን አስተዋለ። እሱም ጎንበስ ብሎ አየው። ቀኝ እጁ ከዘንጉ ወርዶ በጎኑ ተንጠልጥሏል፤ ግራው እስክሪብቶ ይዟል። የሚደግፈው ነገር የለም።

«አንቺ ልጅ!» አለ፤ «ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ወንበሩን አምጪ እንጂ!»